ግንቡን በእጅ ስላስነካሁበት ጥፋት ለአስተባባሪያችን የቀረበ ምላሽ

ለተከበሩ አቶ ፋንታሁን፣
የመናፈሻና የቅርስ እንግዳ አቀባበል በጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ፣
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣

ይህ ጽሑፍ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ በር ላይ ቆሞ ባለጉዳይ የሚመልሰው ጥበቃም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ማለቴ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሲጠሩኝም አቤት እላለሁ።

ባለፈው ሰኞ የጻፉልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ማኅተሙ ሳይደበዝዝ ደርሶኛል። «ጎብኚ ቅርስን በእጁ እንዲነካ በማድረግ» ከባድ ጥፋት መፈጸሜን ስላሳወቁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ደብዳቤዎ በግልባጭ ለስድስት ክፍሎች የተላከ በመሆኑ፣ እኔም መልሴን ሁሉም እንዲያነበው በግልጽ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

ምናልባት ላያስታውሱኝ ስለሚችሉ ራሴን ላስተዋውቅ። ፈህሚያ አኒስ እባላለሁ። ሠላሳ ዓመት ያህል ጨርቅ ስሸጥ ኖሬያለሁ። ባለቤቴ ሷሊሕ ሲሞት ሱቁን ዘጋሁት። ቤት ውስጥ የማናግረው ሰው ስላልነበረ ልጄ ዙህራ «እማ፣ አንቺ እኮ ሰው መቀበል ትችይበታለሽ» ብላ እናንተ ዘንድ አስመዘገበችኝ። ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ እርስዎ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

፩. ስለ ስልጠናው። ሦስት ቀን ሙሉ ፈገግታ ተማርን። የላይኛው ጥርስ እንዲታይ፣ አንገት በትንሹ እንዲዘነበል፣ ቀኝ እጅ ደረት ላይ እንዲያርፍ ተነገረን። ከሷሊሕ ቀብር ወዲህ ፊቴ ሥራውን ትቶ ስለነበር ስልጠናው እጅግ ጠቅሞኛል። አሁን ምንም ሳይሰማኝ ከጠዋት እስከ ማታ ፈገግ ማለት እችላለሁ። ሰርተፊኬትም አለኝ።

፪. ስለ እንግዳ። የተመደብሁት በቀሃ ወንዝ ዳር ባለው መናፈሻና አሮጌ ግንብ በር ላይ ነበር። በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት መንገዱም ወሬውም ጥሩ ስላልነበረ አንድም እንግዳ አልመጣም፤ የበጎ ፈቃደኛ ሰደርያዬንና ባጄን አድርጌ ለባሕር ዛፎቹ ፈገግ ስል ከረምሁ። በኅዳር ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን ሰው መጣ። አያ አድማሴ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ የሚጠጋ የድብ ባሕር ገበሬ ናቸው። ልጃቸው አበቡ በዋዜማው ለዓይን ሕክምና ወደ ከተማ አምጥታቸው ኖሮ፣ ሐኪሙ ብርሃናቸው ከጥቂት ሳምንታት በላይ እንደማይቆይ ነግሯቸዋል። አያ አድማሴ በጉልምስናቸው ይኸው ግንብ ሲጠገን ድንጋይ ከሚያኖሩት ሠራተኞች አንዱ ነበሩ። «ልጄ፣ በእጄ ያኖርሁትን ድንጋይ ዐይቼው ልሂድ» አሉኝ።

በሩ ላይ ግን ከፍተኛ እንግዶች ስለሚመጡ ለማንም ሰው ዝግ ነው የሚል የእርስዎ ትእዛዝ ተለጥፎ ነበር። ደወልሁልዎ። ጉዳዩን በትዕግሥት ሰምተው፣ «ወይዘሮ ፈህሚያ፣ እንግዳ እየጠበቅን ነው። ገበሬው እኮ እንግዳ አይደለም፤ ያገር ሰው ነው» አሉኝ። ይህን የመሰለ ግልጽ መመሪያ በስልጠናው ባለመስጠትዎ አዝናለሁ፤ ብዙ ድካም ይቀንስልን ነበር።

መለስኋቸው። ጥርሴ እየታየ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ መለስኋቸው።

«ምነው ልጄ፣ አንድ አፍታ እኮ ነው» አሉ። አይቻልም አልሁ። ከበሩ ማዶ ከልጃቸው ጋር ቁጭ ብለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቁ፤ የድብ ባሕር መኪና እንዳያመልጣቸው ተነሥተው ሄዱ። በአሥር ሰዓት አራት መኪኖች መጡ። ከበሩ ፊት ዘግየት አሉ፣ የአንዱ መስኮት ወረደ፣ መልሶ ወጣ፤ ከዚያ ወደ አዘዞ አቅጣጫ ሄዱ። በወሩ ሪፖርትዎ ላይ «አሥራ አራት ከፍተኛ ጎብኚዎች» ተብለው ሠፍረው ሳነብ የወረደው አንድ መስኮት ጠባብ እንዳልነበረ ተረዳሁ።

ከዚህ በኋላ ላለው ቁጥር መስጠት አቅቶኛል፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ያን ዕለት የአበቡን ስልክ ቁጥር ተቀብዬ ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ አላለቀስሁም፤ አለማልቀሴን ብቻ አየሁት። በጥር ወር ደወልሁላት። «አባየ አሁን ቀኑን ከሌቱ ብቻ ነው የሚለይ» አለችኝ። «አምጫቸው» አልኋት። «ከእንግዲህ ምን ሊያይ?» አለች። «እንጃ። ብቻ አምጫቸው።»

መጡ። በሩን ራሴ ከፍቼ እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። አያ አድማሴ ቆም ብለው የወንዙን ድምፅ አደመጡና «ወደ ቀኝ አዙሪኝ» አሉ። ግድግዳው ዘንድ ስንደርስ ከማዕዘኑ ጀምረው ድንጋዮቹን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ሄዱ፤ ደረታቸው ትክክል ካለች አንዲት ድንጋይ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይች ናት። ጠማማ ናት። ፎርማኑ ያኔ አፍርሰህ መልሳት ብሎኝ ነበር፤ ዞር ሲል ትቻት ወደ ሌላው አለፍሁ» ብለው ሳቁ። በመዳፋቸው መታ አድርገዋት «ሸጋ ነው፤ አልወደቀችም» አሉ። ከዚያ የእኔን እጅ ፈልገው አገኙና ድንጋይዋ ላይ አኖሩት።

ፀሐይ ስትመታት ስለዋለች ሞቃለች። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የአንድ ነገር ሙቀት እጄ ላይ የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው። ስንት ደቂቃ እንደቆምን አላውቅም፤ የመናፈሻው ጥበቃ ፎቶ አንሥቶ ለእርስዎ እስኪልክ ድረስ ግን ቆመናል።

ስለዚህ ጥፋቴን አምናለሁ። ደብዳቤዎ ቅርሱን የነካው ጎብኚው ብቻ እንደሆነ አድርጎ ስለሚገልጽ፣ ማኅደሩ እንዳይጎድል እኔም መንካቴን ጨምሬ አስታውቃለሁ። ሰደርያውንና ባጁን አጥቤና ጠርጌ፣ ከዚህ ጽሑፍ ጋር መልሻለሁ።

በሥራ የተጨናነቀ ጊዜዎን ስለ አንዲት ድንጋይ በማንበብ እንዲያጠፉ ስላደረግሁ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ የሚጠብቋቸው እንግዶችም አንድ ቀን ከመኪና እንዲወርዱልዎ እመኛለሁ።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣
ፈህሚያ አኒስ
የቀድሞ በጎ ፈቃደኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከማስጠንቀቂያው ጋር አያይዘው የላኩልኝ ቅጽ «ጥፋቱ የተፈጸመበት ምክንያት» ለሚለው የተወው ቦታ አንድ መስመር ብቻ ነው። አልጠበበኝም፤ እንዲያውም ተርፎኛል። «ሰው መጣ» ብዬ ሞልቼዋለሁ።