ከእርማት በፊት ስለሚመታው ማኅተም

ሆሳዕና፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ሽብሩ ሀብቴ
የፍሬ ዘር መጻሕፍት ማኅበር ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ ቤትዎም እንደ መዝገብ ቤትዎ ጸጥታ የሰፈነበት ይሁን እያልኩ በትሕትና እጅ እነሣለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ በገበያና በጸሎት ቤት ደጃፍ ስለ እኔ የሚወራውን እንዳርም ይፍቀዱልኝ። እታለም ዓይኗ ስለ ደከመ የአራሚነት ሥራዋን በፈቃዷ ለቀቀች ይባላል። ዓይኔ ደኅና ነው፤ የአራሚው ቦታ መዘጋቱን የሚገልጸውን ማስታወቂያ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ያለ መነጽር አንብቤዋለሁ። በፈቃዷ የሚለው ከየት እንደ መጣ ግን አላውቅም፤ ረቂቁ በእጄ አልፎ ቢሆን ኖሮ አስወጣው ነበር።

አንደኛ፣ ስላገለገልኩባቸው ዐሥራ አንድ ዓመታት አመሰግናለሁ። መምህሬ አባ ወልደኪዳን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጽሑፍ መጀመሪያ ይታረማል፣ ኋላ ይጸድቃል ብለው በአርጩሜ ጭምር አስተምረውኝ ነበር። ማኅበርዎ ግን የተሻለ ሥርዓት አሳየኝ። ረቂቅ ሲመጣ፣ ደራሲው የተከበረ ሰው ነውና ቅር እንዳይለው፣ በየገጹ ማኅተም ይመታበታል፤ ከዚያ በኋላ እንዳርመው ይሰጠኛል፤ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት መነካካት ደግሞ ያስጠይቃል። ስለዚህ እርማቴን በቁራጭ ወረቀት እየጻፍኩ በገጹ ጥግ በስፒል አያይዘው ነበር። ረቂቁ ወደ ታይፕ ክፍል ሲያልፍ ቁራጮቹ ለንጽሕና ሲባል እየተነቀሉ በካርቶን ይቀመጡልኝ ነበር። በዐሥራ አንድ ዓመት አንዲት ቁራጭ እንኳ አልጠፋችብኝም። ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ቤት በሌላ አገር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሁለተኛ፣ የእርሻ መምህሩ አቶ ዋለ ስለ እንሰት ተከላ ያዘጋጁትን መጽሐፍ ስላሳተሙልን የገበሬው ምስጋና ይድረስዎ። መጽሐፉ በሁለተኛው ምዕራፍ ችግኙ ከዝናብ በፊት ይተከል ይላል፤ በአምስተኛው ደግሞ ዝናቡ ሲያበቃ ይተከል ይላል። በዚህ ላይ ሦስት ቁራጭ አያይዤ ነበር፤ ሦስቱም በካርቶኑ ውስጥ በሰላም ይገኛሉ። አንድ የዳምቦያ ገበሬ ግማሽ ቀን ተጉዞ መጥቶ፣ የትኛውን ልመን ብሎ በቢሮው ደጃፍ ጠየቀ። መዝገብ ያዡ አቶ ዳኘ መጽሐፉን ተቀብለው ሁለቱንም ገጾች ከመዝገቡ ጋር አመሳከሩና፣ «ወንድሜ፣ ሁለቱም ማኅተም አላቸው» ብለው አሰናበቱት። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ አመስግኖ ሄደ። ያን ቀን ከእርሱ ጋር አብሬ መውጣት ነበረብኝ።

የቀሩት ቅጂዎችም ያለ ሥራ አልተቀመጡም። በጃጁራ ገበያ ወይዘሮ ዘምዘም በርበሬ ትጠቀልልባቸዋለች፤ ወረቀቱ ጠንካራ ነው፣ አያፈስም ብላ ምስጋናዋን እንዳደርስላት አደራ ብላኛለች።

ሦስተኛው ነገር አቤቱታ አይደለም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። ከአራት ዓመት በፊት ጣቢታ የምትባል አስተማሪ ከሺንሺቾ ትምህርት ቤት ቦታዋን ለቃ ወደዚህ እንድትመጣ የመከርኳት እኔ ነኝ። እኔ ሳረጅ ቦታዬን ትይዢያለሽ፣ ይህ ሙያ ሰው እስከ ሽምግልናው የሚኖርበት ሙያ ነው አልኳት። የማውቀውን ሁሉ አስተማርኳት። ጽሑፍን ሦስት ጊዜ እንድታነብ፣ በመጀመሪያው ንባብ ብዕር እንዳትይዝ፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ሰውየው ምን ሊል እንደ ፈለገ ብቻ እንድትሰማ፤ ደራሲውን በሰው ፊት እንዳታርም፤ ስሟ በመጽሐፉ ላይ ባይወጣ እንዳታዝን። ከእኔ ይልቅ ጎበዝ ሆነች። እኔ ቆርጬ የምጥለውን እርስዋ አቃንታ ታድነዋለች።

ማኅበርዎም ችሎታዋን ተመልክቶ የማኅተም ያዥ አድርጎ ሾማት። በመጀመሪያው ቀን ለአቶ ዳኘ፣ «ጋሼ፣ እያነበብኩ ልምታ ወይስ ሳላነብ?» አለቻቸው። እሳቸውም በአባትነት፣ «ልጄ፣ ካነበብሽማ መች ያልቃል?» አሏት። እስከ ቀትር መታች። ከዚያ ማኅተሙን ጠርጋ፣ በሳጥኑ አስቀምጣ፣ ቁልፉን አስረክባ ወደ ቤቴ መጣች። አላለቀሰችም። የሺንሺቾው ቦታ እስካሁን ሰው ያልያዘው ይመስልዎታል ወይ፣ እትዬ፣ አለችኝ። ማመልከቻ እንድትጽፍ ወረቀትና ቀለም አቀረብኩላት።

እርማቱ ይቅደም፣ ማኅተሙ ይከተል ብዬ ሰባት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ሰባት ጊዜም ጥያቄሽ ደርሶናል የሚል፣ ማኅተሙ በግልጽ የሚነበብ መልስ አግኝቻለሁ። ስምንተኛ ለመጻፍ አቅሙ አለኝ እንጂ ተስፋው የለኝም፤ ስለዚህም ይህን ለእርስዎ ስጽፍ ሕዝብም እንዲያነበው በየሻይ ቤቱ እንዲለጠፍ አድርጌአለሁ።

በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንዲት መስመር ሳላነብ ያላሳለፍኩ፣ አንዲት መስመርም ያላቃናሁ፣ የማኅበርዎ ታማኝ አገልጋይ፣

እታለም ኃይለሚካኤል
የቀድሞ የጽሑፍ አራሚ

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ ማኅተም አላረፈበትም፤ ስለዚህ ስሕተት ቢያገኙበት ሊያርሙት ይችላሉ። ኅዳጉን ሰፋ አድርጌ ትቼልዎታለሁ። ነገ የማደርገውን ነገር ሰው በወሬ እንዳያጣምምብኝ አስቀድሜ ልናገር። የእርማት ቁራጮቹን ካርቶን ለወይዘሮ ዘምዘም እልካለሁ፤ እርስዋ ከመጠቅለሏ በፊት የማንበብ ልማድ አላት። የተረፉትን ስፒሎች ቈጥሬ ለአቶ ዳኘ አስረክባለሁ። ከጣቢታ ጋር በሾፌሩ በሁሴን መኪና ወደ ሺንሺቾ እሄዳለሁ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ገና ሲነጋ፣ ለትምህርት ቤቱ የጻፈችውን ማመልከቻ አነባለሁ፤ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ።