የጀሶ በርጩማ

ጥቅምት 6

ዛሬም የጠራኝ የለም። ቁርስ በላሁ፣ በር ላይ ተቀመጥኩ፣ ምሳ በላሁ። አምቦ ውስጥ የጭቃ ቤት የሚሠራ ሰው ጠፋ። ሁሉም ብሎኬት። ዕድሜዬን ሙሉ ጭቃ ስለስን ኖሬ አሁን የምለስነው አጣሁ...

ማታ ሩት ከሥራ ገባች፣ እስከ ቅንድቧ ነጭ። ልጄ ቴክኒክና ሙያ የተማረችው የቤት ፊኒሺንግ ነው። ጀሶ፣ ስታኮ፣ ኮርኒስ፣ ቀለም። ረዳቷ ጥሏት አዲስ አበባ ሄደ አለች። ከዚያ እራቷን እየቆረሰች፣ ቀና ሳትል፣ ሥራ ካልያዝክ ለምን አንተ አትመጣም አለችኝ።

እኔ? ለልጄ ባልዲ ላመላልስ?

ወርቅውሃ ከጓዳ ሆና፣ "ባዶ እጅ ከማመላለስ ይሻላል" አለች። ሚስቴ እንዲህ ናት።

ጥቅምት 9

ሄድኩ። ስታኮ ማለት ግድግዳ ላይ እንደ ቅቤ የሚቀባ ነጭ ነገር ነው። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። ሙሉ ቀን ፋቅሁ። ማታ ወርቅውሃ በሩን ከፍታ ሁለታችንንም አየችንና "የቱ ነው ባሌ?" አለች።

ጥቅምት 12

ዛሬ መቀባት ሰጠችኝ። ከበሩ ጀርባ ያለውን፣ ማንም የማያየውን ጥግ። ማለስለሻ ብረቱን ተውኩና በመዳፌ አለሰለስኩት፣ እንደ ጭቃ። አማረ። ለእኔ አማረ። ሩት መጣች፣ አምፖሉን ከግድግዳው አስጠግታ ወደ ጎን አበራችው። ጉድ ፈላ። ጉብታ፣ ስርጉድ፣ ጉብታ... ልክ የታረሰ ማሳ።

"ድገመው" አለች።

በዕድሜዬ ድገመው ያለኝ ሰው የለም። ጃኬቴን ለበስኩና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ራሷ ደግማዋለች።   ሻዩም ቀዝቃዛ ነበር።

ጥቅምት 20

እጃጂ ነን። ሩት የራሷን ሥራ አገኘች፣ የመጀመሪያዋን። እስካሁን በሰው ስር ነበረች። መንገድ ዳር የሚሠራ የእንግዳ ማረፊያ ነው። አንድ ክፍል ጨርሳ ታሳያለች። ባለቤቱ ከወደደው ሙሉው ቤት የእሷ ነው። ካልወደደው ተመልሳ ሰው ስር ትገባለች።  ጉደር ላይ ሙዝ ገዛሁላት፣ እንደያዘችው እጃጂ ደረሰች።

ባለቤቱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኦቦ ሂርጳ! የድሮ ቤቱን ጭቃ የለሰንኩለት እኔ ነኝ። ያንን አፍርሶ ነው ይኼን የሚሠራው፣ ግን አላነሳነውም። "አካም ጂርታ፣ ታደሰ! ባለሙያ ይመጣል ሲሉኝ አንተ ነህ እንዴ?" ብሎ አቀፈኝ።

አይደለሁም፣ ልጄ ናት ማለት ነበረብኝ። ግን እያቀፈኝ ነበር። ሩትም አባቷን ሰው ፊት አታርምም፣ እንደዚያ አድርጌ ነው ያሳደግኳት።

ከዚያ በኋላ የሚያወራው ከእኔ ጋር ብቻ ሆነ። የኮርኒሱን ነገር እኔን፣ የቀለሙን ነገር እኔን። አባት ቆሞ ልጅ አይጠየቅም፣ ወጉ ነው። መልሱን የምትመልሰው ሩት ናት፣ እሱ እኔን እያየ ይሰማል።

እውነቱን ልጻፍ? ደስ አለኝ። ከተከበርኩ ቆይቻለሁ።

ጥቅምት 23

ሥራዬ ጀሶ መበጥበጥ ነው። ሩት ትንሽ ትንሽ በጥብጥ ብላኛለች። እኔን? ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሲያድር ነው የሚበስለው፣ ሲበስል ነው ግድግዳ የሚይዘው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ጠዋት እሷ ገበያ ስትወጣ ባልዲውን ሙሉ በጠበጥኩ። ማማሰያ ዱላውን እንደተከልኩ በጆንያ ሸፈንኩት። ይብሰል ብዬ ቁርስ ሄድኩ።

ስመለስ ድንጋይ ሆኗል። ዱላውን ስስበው ባልዲው አብሮ ተነሳ።

ሩት ቆማ ብዙ አየችው። "አባዬ፣ ይኼ አይበስልም" አለች ቀስ ብላ።

ባልዲውን ገልብጠን ስንደበድበው ዱላው ተሰበረ፣ ድንጋዩ ወጣ። ይኼኔ ኦቦ ሂርጳ ገባ። ድንጋዩን አየ፣ ቀጥሎ ሩትን አየ። እኔን አላየም።

"እቺ ልጅ ጀሶህን አደረቀችብህ? ለሌላው ክፍል ወንድ ረዳት ፈልግ፣ ታደሰ።"

ሩት እኔን አየችኝ። እኔ... ድንጋዩን አየሁ።

ምንም አላልኩም። ለምን? ምላሴ የት ሄደ?

ጥቅምት 24

አፈርኩ።

ጥቅምት 25

ሩት አኮረፈች አይባልም። ታዘኛለች። አቀብለኝ፣ ያዝልኝ። አባዬ ማለቱን ግን ተወች። ድንጋዩን የጣለው የለም፣ ምሳ ስበላ እሱ ላይ ነው የምቀመጠው። ይቀዘቅዛል።

ክፍሉ አለቀ። እሷ ዕቃ ስታጥብ አምፖሉን አስጠግቼ ግድግዳውን አየሁት። አንድ ጉብታ የለውም። እጇ ከእኔ እጅ ይበልጣል። ጻፍኩት፣ በቃ።

ነገ ኦቦ ሂርጳ ሊያይ ይመጣል። ሥራውን ለእኔ ሊሰጠኝ! ነገ እነግረዋለሁ። እነግረዋለሁ ወይ?

ጥቅምት 26

ኦቦ ሂርጳ ጎረቤቱን ኦቦ ሌንጂሳን አስከትሎ መጣ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ሩት ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች። እነሱ የጀሶ ከረጢት ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ድንጋዬ ላይ። ኦቦ ሂርጳ ኮርኒሱን እያሳየ፣ ይኼ የታደሰ እጅ ነው፣ ድሮም አውቀዋለሁ ይላል። እኔ እሳላለሁ። ቀጠለና ሙሉው ቤት ያንተ ነው አለኝ፣ ልጅቷን ግን ወደ እናቷ መልሳት።

አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። ሽማግሌ ነኝ፣ ሁለት ሽማግሌ ፊት ተቀምጬ ዋሽቻለሁ ልበል? እንደገና ሳልኩ።

ሩት ጀሪካኗን ተሸክማ በሩ ላይ ደረሰች።

ብድግ አልኩ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። "ኖር!" አልኩ።

እኩያህ ብድግ ሲል ተቀምጠህ ትቀራለህ? ሁለቱም ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። በሩን ያያሉ፣ ቄስ ይፈልጋሉ። ያለችው ሩት ናት፣ ጀሪካኗ እየተንጠባጠበ።

"ማን መጣ?" አሉ ኦቦ ሌንጂሳ።

"ዋናዋ" አልኩ። "ግድግዳው የእሷ ነው፣ ኮርኒሱም የእሷ ነው። እኔ ረዳቷ ነኝ። ጀሶውን ያደረቅኩትም እኔ ነኝ፣ ይኸው ተቀምጬበት ነበር።"

 አባት ለልጁ ኖር ሲል አይቼ አላውቅም። እሷም አላየችም።  ጀሪካኗን አስቀመጠችና "በእግዜር... ተቀመጡ" አለች፣ ለሁላችንም። ከዚያ በኋላ ነው የተቀመጥነው።

ኦቦ ሂርጳ ጉሮሮውን ጠረገ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሷ ዞረ። "ኢንተላ፣ የኔ ልጅ፣ ሳሎኑ መቼ ያልቃል?"

ልስኑ ገና እርጥብ ነው፣ ሳይደርቅ አልነካውም አለችው። እኔን አየኝ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ።

"እሺ። እንጠብቃለን" አለ።

ሲሄዱ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። አቧራ ነው እንዳልል አቧራ አልነበረም።

ኅዳር 18

ሳሎኑ ላይ ነን። ኦቦ ሂርጳ እኔ ጋ ይደውላል፣ የከብቱን የልጁን ደህንነት ጠይቀን ስንጨርስ "ዋናዋን አገናኘኝ" ይላል። አገናኛለሁ። ወርቅውሃ ወሬውን ሰምታ ኖሮ፣ እሁድ አምቦ ስንገባ ከመቀመጫዋ ተነስታ ኖር አለች። ለሩት። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ጀሶ በጣሳ በጣሳ እበጠብጣለሁ። አይበስልም።

ዛሬ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ሰጠችኝ። የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየውን። ቀኑን ሙሉ በብረቱ ቀባሁ፣ መዳፌን ኪሴ ከተትኩ። አምፖሉን አስጠጋች። ሁለት ጉብታ።

"ድገመው፣ አባዬ" አለች።

ደገምኩት።