በሰው ዘፈን ውስጥ የሰማሁሽ

ውድ እህቴ፣

በሌሎች ሙዚቀኞች ሥራ ላይ በእንግድነት የዘፈንሽው አምስተኛው ዘፈን ትናንት ወጣ። ርዝመቱ አራት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ነው፤ ድምፅሽ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ይገባል።

እማዬ ጋ ወስጄ አሰማኋት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። አንሶላውን እንደያዘች ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችውና «ይኸውልህ፣ ልጄ ቤት ስትሆን እንዲህ ነበር የምታንጎራጉረው። እናንተ ጋ ስትመጣ ነው እሳት የተነሳ ይመስል የምትጮኸው» አለችኝ።

«እማዬ፣ ድራም አለ እኮ።»

«ታዲያ ድራሙ ዝም አይልም?»



የመጀመሪያውን ስትዘፍኚ ከባንዳችን ማንም ቅር አላለውም። ሦስተኛው ላይ ድራመራችን «እንግዳ ሆና ሄዳ ቤተኛ ሆና ቀረች» ብሎ አሳቀን። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን ዘፈኑን ደጋግሜ ሰማሁት። ቅናት መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት ከጎንሽ ቆሜ ቤዝ ጊታር ስጫወት፣ እንዲህ ያለ ዝቅ ያለ ድምፅ እንዳለሽ አላውቅም ነበር።

እኛ የምንቀዳው ሁላችንም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ ነው። አንዱ ከሳተ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንቺ ድራሙ እንዳይውጥሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ፣ አንድ ጆሮሽን በእጅሽ ደፍነሽ ትዘፍኛለሽ። ሁለተኛውን አልበም ስንሠራ «ጋሼ፣ እናንተ ስትጨርሱ ብቻዬን ገብቼ ልቅዳ?» ብለሽኝ ነበር። «አብሮ ያልቀዳ ባንድ አይባልም» አልኩሽ፤ ያውም በሰው ፊት። አቀርቅረሽ ውሃሽን ጠጣሽ። የዚያን ቀን የዘፈንሽው በሰው ሁሉ አፍ ገባ፤ እኔም ልክ የሆንኩ መሰለኝ። በማግስቱ ድምፅሽ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት በወረቀት እየጻፍሽ ስታናግሪን፣ «ብርድ መቷት ነው» ብዬ ለጠየቀኝ ሁሉ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ብርድ እንዳልነበር አውቅ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

«ለብቻዬ ካልቀዳሁ አዲሱ አልበም ላይ አልኖርም» ብለሽ ባለፈው ሳምንት የላክሽውን መልእክት ለባንዱ ልጆች አነበብኩላቸው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ወዲያው «ይሁንላት» አለ። ድራመሩ ግን ከመቀመጫው ተነሳ።

«ደንብ ነው ያልከን አንተ! ለሌላው ሲሆን ደንብ፣ ለእህትህ ሲሆን ይቅር?»

«ደንቡን ያወጣሁት ተሳስቼ ነው» አልኩት።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ?»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ።»

በትሮቹን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ወጣ። ሁላችንም ካልተስማማን የሚጸና ውሳኔ እንደሌለን ታውቂያለሽ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከሌሎቹ ጋር ስትዘፍኚ የተሻልሽው እሱ ስለሌለ ነው እንዳይባል የፈራ ይመስለኛል። እኔም ብሆን እፈራ ነበር።

እንድትመለሺ ልለምንሽ አልጻፍኩም። ሌሎቹ የሰጡሽን ቦታ የነፈግኩሽ እኔ መሆኔን ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው። ድራመሩ እምቢ ካለም ያለ አንቺ ስቱዲዮ እንደማልገባ ለሁለቱም ነግሬያቸዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ድራመሩ «እስከ ሐሙስ ላስብበት» ብሎ ላከብኝ። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መለማመጃ ክፍሉ እንገናኛለን። እሺም ይበል እምቢ፣ ከአፉ እንደሰማሁ እደውልልሻለሁ።

ታላቅ ወንድምሽ