ስለቱ ገባ፣ ምርመራው ቀረ

ሞጣ፣ ነሐሴ ፬ ቀን ፳፻፰ ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለመሪጌታ አካለ ወልድ፤

ጤናዎ እንዴት ነው ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ግን እርስዎም አያውቁትም፤ ያናደደኝም ይኸው ነው።

ስልክዎን ዘግተው መርጡለ ማርያም ሱባኤ ገቡ። ወገብዎን ሲያምዎት እንደከረመ እናቴ የነገረችኝ ከሄዱ በኋላ ነው። "ለየትናየት እንዳትነግሪ" ብለዋት ኖሯል። አበጃችሁ!

አባቴ፣ ህንድ ድረስ ሄደን፣ ሆድዎ ውስጥ ያበጠውን ትልቁን የደም ሥር በብሽሽትዎ በኩል ቱቦ አስገብተው ሲያክሙልን ሐኪሙ ምን አለ? ቱቦው ሊንሸራተት፣ በዳሩ ደም ሊያሾልክ ይችላል፤ ሕመም ባይኖርም በየጊዜው በሲቲ ስካን ይታይ አለ። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ የሚሾልክ ደም ታየ፣ ትንሽ ነው ተባለ። እብጠቱ መጨመር አለመጨመሩ እንዲታወቅ ለሰኔ ተቀጠርን።

እርስዎ ግን ከቢቸና ድረስ ሰው ጠርተው ለኪዳነ ምሕረት ስለትዎን አስገቡ፤ ተበላ፣ ተጠጣ፣ በቃ ድኛለሁ አሉ። ሰኔ ሲደርስ፣ "ስለት አስገብቶ ዳግመኛ መመርመር እሷን መጠራጠር ነው" አሉኝ። እኔም እንደ ሞኝ ዝም አልኩ።

አሁን ግን ዝም አልልም። በዚያ ሆድዎ ሲሰግዱ እየታየኝ ነው። ደሙ ቱቦው ዙሪያ ከተጠራቀመ እብጠቱ ይፈነዳል፤ ወገብ ማመምም አንዱ ምልክቱ ነው። ከፈነዳ ሞጣም አያደርስዎትም። ሐኪሙ እንደነገረኝ ነው፣ አልጨመርኩበትም።

ነገሩ በስለት ከሆነ፣ እኔም ለኪዳነ ምሕረት ተስያለሁ። አባቴን ከሲቲ ስካኑ አድርሰሽ በደኅና ከመለስሽልኝ የሠርግ ካባዬ ያንቺ ነው ብያታለሁ። ስለዚህ አሁን እምቢ ቢሉ የሚያስቀሩት የእሷን ነው። ስለት አይታጠፍም እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት።

ይህን ደብዳቤ የሰጠዎት ስጦታው የሚባል ሹፌር ነው፤ መኪናው ደጅ ቆሟል። ባሕር ዳር ቀጠሮ ይዣለሁ። እኔም እግረ መንገዱን ከሞጣ እሳፈራለሁ፤ እናቴ ጋቢዎን አጥባ ሰጥታኛለች።

ኪዳነ ምሕረት መንገዱን ታለስልስልዎ። የቀረውን ቁጣዬን መኪና ውስጥ እነግርዎታለሁ። ብዙ ነው፤ ሰምተው እስኪጨርሱት ይኑሩልኝ።

ልጅዎ የትናየት