ስድስተኛው ቅርጫትና የጋሼ ክፍሎም ግንድ

ሰኞ

ስድስተኛው እምቢ አለኝ። እስከ አምስት ያሉት መስመር ይዘዋል፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝም አልቀዋል። ስድስተኛው ብቻ መሃል ላይ ተገትሮ ቀረ። ጥፋቱ የጫካው አይደለም፤ የራሴ ምላስ ነው።

ጠዋት ብርቱካናማ ሪባን ዛፍ ላይ እያሰርኩ ከኋላዬ "እንደምን አደርሽ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ጋሼ ክፍሎም! ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ከኪልበርን በአውቶቡስ መጥተው። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ስለ ሥራዬ ሳወራ ሰምተው ኖሮ ቦታውን ሰው ጠይቀው ነው የመጡት። ሎንደን ስገባ መኖሪያ ቤት እንዳገኝ ሃውሲንግ አፕላይ ያደረጉልኝ እሳቸው ናቸው። ሊያን ስወልድም ሆስፒታል ድረስ ጥየቃ የመጡልኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። አስመራ የተማሩ፣ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ፣ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው።

ምን ላድርጋቸው? ጫካ ውስጥ ወንበር የለ። አንድ የወደቀ ግንድ ነበር፤ በጓንቴ ጠራረግኩት፣ ባዶ ጆንያ አነጠፍኩበትና "ይቀመጡ ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ቦታ ነው" አልኳቸው።

የእርስዎ ቦታ! ግንዱ ያለው ልክ ስድስተኛው ቅርጫት የሚተከልበት ላይ ነው።

የምሠራውን ጠየቁኝ። "ዲስክ ጎልፍ ይባላል ጋሼ። እንደ ጎልፍ ነው፣ ግን ኳስ የለውም። ከሳህን የምታንስ ፕላስቲክ ይወረውራሉ፣ እዚያ ማዶ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት አለ፣ እዚያ ውስጥ ማስገባት ነው። ከዚያ ወደሚቀጥለው።"

"ማን ነው የሚጫወተው?"

"እንግሊዞች።"

"እእ" አሉ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ሰው ወደተቀመጠበት ዲስክ አይወረወርም፣ ግንባር ይፈነክታል። ሳልወረውር ደግሞ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚቆረጥ አላውቅም። ሌላ ሌላውን ስሠራ ዋልኩ፣ ሲሄዱ እወረውራለሁ ብዬ። እኔ ዕቃዬን ስሰበስብ አብረውኝ ተነሡ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ሸኙኝ።

ይሁን። የአንድ ቀን ነገር ነው።

ማክሰኞ

መጡ። እዚያው ግንድ፣ እዚያው ጆንያ ላይ።

ቅርጫቱን ሌላ ቦታ እንዳላደርገው ጫካው ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የባቡር አጥር፣ በሌላ በኩል የሰው ጓሮ፣ መሃሉን የእግር መንገድ ይሰነጥቀዋል። ጥጉ ላይ ባጀር የሚባለው እንስሳ ጉድጓድ አለ፤ እሱን መንካት አይደለም መጠጋትም በሕግ ክልክል ነው። በዚህች ውስጥ ዘጠኝ ቅርጫት፣ አንዱ የሌላውን መስመር ሳይቆርጥ። ክረምቱን ሙሉ በወረቀት ላይ ስገለብጠው ነው የከረምኩት። ስድስተኛው ከግንዱ ሌላ ማረፊያ የለውም።

ሊንዳ ደወለች። ሊንዳ አለቃዬ ናት፣ ጫካውን የሚያስተዳድረው ማኅበር ውስጥ። ዓርብ ከአካባቢው አስተዳደር፣ ከካውንስሉ ሰውዬ ጋር መጥተው እያንዳንዱን መስመር በእግራቸው ሊያዩ፣ ሊወረውሩበትም ነው። ዘጠኙ ካልተሟላ ሥራው ለኩባንያ ይሰጣል። ሌላ ሳምንት መጠየቅም አይቻልም፣ ወፎቹ ጎጆ መሥራት ሲጀምሩ ቅርንጫፍ መቁረጥ ይቆማል። ይህ ማለት እኔ ተመልሼ ዌምብሊ፣ መስኮት የሌለው መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶን ማንሳት። የአትክልት ኮርሱን በዕረፍት ቀኔ እየተማርኩ ነው ከዚያ የወጣሁት። በዕድሜዬ "ይሄን አንቺ ንደፊው" የተባልኩት ይኸው አንዴ ነው።

በዘዴ ሞከርኩ።

"ጋሼ፣ ብርዱ አልከበደዎትም?"

"ኧረ ምንም አይለኝ።"

"በጾም ላይ ደግሞ..."

"ጾም ያበረታል እንጂ።"

"ኪልበርን ጓደኞችዎ አይፈልጉዎትም?"

"ይፈልጉ!" ብለው ሳቁ።

ሌላም ጣጣ አለ። ሁዳዴ ነው፣ እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። እኔ ዘንድሮ ሥራው ከብዶኝ አልያዝኩም፣ ቦርሳዬ ውስጥ የእንቁላል ሳንድዊች አለ። በእሳቸው ፊት በምን ዓይኔ? ከመሣሪያ ሣጥኑ ጀርባ ቁጢጥ ብዬ እንደ ሌባ ጎረስኩት። በገዛ ሥራ ቦታዬ!

ረቡዕ

ዛሬ ልቅደማቸው ብዬ ገና ሳይነጋ ከቤት ወጣሁ። የጫካው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። "እንቅልፍ እምቢ አለኝ" አሉ። ማታ ደግሞ እኔ ሳልሄድ አይሄዱም፣ ዘበኛው በሩን የሚቆልፈው እኛን አስወጥቶ ነው።

እሺ፣ እሳቸው ካልተነሡ ቅርጫቱ ይነሣ አልኩ። የመሞከሪያውን ተንቀሳቃሽ ቅርጫት ወደ ቀኝ ገፋ አድርጌ ሞከርኩት። ዲስኩ ዛፍ መታና በባቡሩ አጥር ላይ ዘሎ ሄደ። እሱ አለቀለት። ወደ ግራ ሞከርኩት። የእግር መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም ብዬ ነው፣ ለካ አንዲት ሴትዮ ውሻዋን ይዛ እየመጣች ነው። ዲስኩ በአጠገቧ አለፈ። እኔ ይቅርታ ስጠይቅ፣ እሷ በዚያ በቀዝቃዛ ትሕትና "ኢትስ ፋይን" ስትል፣ ውሻው ዲስኬን ነክሶ መጭ አለ።

ጋሼ ከግንዳቸው ላይ ሆነው አጨበጨቡ። "ጎሽ! ሩቅ ሄደልሽ!"

ማታ ለሊያ ነገርኳት። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ ለእሷ ዓለም ሁሉ ቀላል ናት።

"ማም፣ ጀስት ንገሪው!"

"ንገሪያቸው በይ።"

"ኦኬ፣ ንገሪያቸው። ሊትረሊ ሁለት ደቂቃ ነው። ጆብሽ እኮ ነው!"

እውነቷን ነው፣ እውነቷን መሆኑ አናደደኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በመስታወት ተለማመድኩ። "ጋሼ፣ ከዚያ ይነሡልኝ።" ለመስታወቱ እንኳን አፈርኩ። አባት የሆነኝን ሰው፣ አክብሬ ካስቀመጥኩት ቦታ፣ ተነሥ ልለው?

ደክሞኛል። በእሳቸው ተናድጃለሁ፣ በራሴ ደግሞ ይብሳል። ያን ግንድ በመጋዝ ብቆራርጠው ደስ ይለኛል። ከመጋዘኑ ወጥቼ ሰማይ ያለበት ቦታ ገባሁ ስል፣ እዚህም መፈናፈኛ የለኝም። ነገ አንድ ቀን ነው የቀረኝ።

ሐሙስ

ዝናብ! መጋረጃውን ስከፍት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በዚህ ዝናብ ሽማግሌ ከቤቱ አይወጣም።

ጫካው ውስጥ ብቻዬን። ተንቀሳቃሹን ቅርጫት ከግንዱ አጠገብ አቆምኩ፣ ወደ መወርወሪያው ሄድኩ፣ ክንዴን ወደ ኋላ ሳብኩ። ጥቁር ጃንጥላ በዛፎቹ መሃል ብቅ አለ። ወደ ግንዱ እየመጣ።

ያደረግኩትን እዚህ እንኳን ልጻፈው። ተደበቅኩ። ቅጠሉ እሾህ የሆነ ቁጥቋጦ አለ፣ ከእሱ ጀርባ ገብቼ ተጎነበስኩ። ሲያጡኝ ተመልሰው ይሄዳሉ ብዬ።

ተቀመጡ። ተነሡ። ዙሪያውን አዩ።

"ትርሲት!"

ይበልጥ ወደ መሬት ዝቅ አልኩ።

"ትርሲት!" ድምፃቸው ተለወጠ። ቅርጫቱ ቆሟል፣ ቦርሳዬ መሬት ላይ ነው፣ እኔ የለሁም። ጃንጥላቸውን ጥለው ጭቃው ውስጥ መሮጥ ጀመሩ፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ። ወደ ፌርማታው ስንሄድ ቀስ የሚሉት ለወግ ይመስለኝ ነበር። "ሄልፕ! ሰው የለም ወይ! ዛፍ ወድቆባት ነው!"

"አለሁ ጋሼ! አለሁ!" ብዬ ከቁጥቋጦው ወጣሁ፣ ፊቴን እሾህ ቧጥጦኝ። በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ደረታቸውን ይዘው ቆሙና "ጓለይ" አሉ። በትግርኛ ልጄ ማለት ነው፣ ሲጨነቁ ያመልጣቸዋል። "ይህንኑ ነበር የፈራሁት። ብቻዬን ጫካ ውስጥ ነው የምውለው፣ ዛፍ ቢጫነኝ እንኳን የሚሰማኝ የለም አልሽ፣ እሑድ፣ በጆሮዬ ሰማሁሽ። ይህን ሰምቼ ቤቴ ልቀመጥ?"

ብያለሁ። ኬኒንግተን፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ፣ ሴቶቹን ለማሳቅ። ሁሉም ስቀው ነበር። ያልሳቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ ማለት ነው።

ከዚያ አንዱ ነገር ሌላውን እየሳበ ወጣ። እርጥብ ግንድ ላይ ሲውሉ ጉልበታቸው አብጧል። ኪልበርን ከጓደኞቻቸው ጋር የሚጫወቱት ዳማ ቀርቶባቸዋል። ያ ቦታ ደግሞ የንፋስ መግቢያ ነው፣ እኔ ስንቀሳቀስ አይሰማኝም እንጂ ለተቀመጠ ሰው አጥንት ይሰብራል።

"ታዲያ ፈቀቅ ብለው አይቀመጡም ነበር?" አልኳቸው።

"አንቺ አይደለሽ የእርስዎ ቦታ ነው ያልሽኝ? ጆንያ አንጥፈሽ? ያከበርሽኝን ንቄ ልነሣ?"

ሳቄ መጣ። እንባዬም መጣ፣ እሱን ዝናቡ ሸፈነልኝ። ያን ጊዜ ነው ከአፌ የወጣው። "ጋሼ፣ እዚያ የሚተከለው ቅርጫት ነው። ነገ መስመሩ ካልተከፈተ ሥራዬ ይሄዳል።"

ግንዱን አዩት። እኔን አዩኝ። "ሰኞ ይህን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"እርስዎስ ጉልበቴን አመመኝ ቢሉኝ?"

የካፖርታቸውን እጅጌ ሰበሰቡ። "በይ ድጅኖሽን አምጪ" አሉ።

እኔ በድጅኖ እየፈነቀልኩ፣ እሳቸው ከፊት ቆመው፣ አውቶቡስ ወደ ኋላ እንደሚያስገባ ሰው በሁለት እጃቸው ይመሩኛል። "ነይ፣ ነይ፣ ነይ... ወደ ግራ ስበሪው... ነይ... በቃ!" ግንዱ ተንከባሎ ተንከባሎ ከሰባተኛው መወርወሪያ ኋላ፣ ንፋስ ከማይደርስበት ከትልቁ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ጃንጥላውን አነሣሁላቸውና ከጀርባዬ አቆምኳቸው።

የመጀመሪያው ውርወራ ቅርንጫፍ መታ። ቅርንጫፉን ቆረጥኩት። ሁለተኛው አጠረ። ሦስተኛው በዛፎቹ መሃል ቀጥ ብሎ ሄደ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ግራ ዘንበል አለና ሰንሰለቱ ሻ አለ።

"ገባ?"

"ገባ ጋሼ!"

ዓርብ

አለፍኩ! ዘጠኙም!

የካውንስሉ ሰውዬ ዲስክ ይዞ የማያውቅ መሆኑ ከአያያዙ ያስታውቃል። ስድስተኛው ላይ ሦስቱንም ዲስኮች ቁጥቋጦ ውስጥ ከቶ "በጣም ደስ የሚል ነው" አለ። ሊንዳ ከሁሉም የወደደችው ስድስተኛውን ነው፤ ቀጥ ያለ ይመስልና ያታልላል አለች። ከዚያ ሰውዬው ግንዱን አየና "መቀመጫው ጥሩ ቦታ ላይ ነው፣ ማን መረጠው?" ሲል ጠየቀ። አንድ አውቶቡስ ነጂ ነው አልኩ። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሰኞ ሲሚንቶው ይፈስሳል፣ ቅርጫቶቹ ይተከላሉ።

ጋሼ አልመጡም። አይምጡ ተባብለን ነው፣ ጉልበታቸው እስኪሻላቸው። ሁለቱ ከሄዱ በኋላ ግንዱ ላይ ተቀምጬ ሳንድዊቼን በአደባባይ በላሁ፣ ማንንም ሳልፈራ። ሳምንቱን ሙሉ የተመኘሁት ይህን ነበር። ግማሹን ከበላሁ በኋላ ዓይኔ መንገዱ ላይ እንደሆነ ገባኝ። በየመሃሉ ቀና እያልኩ ጥቁር ባርኔጣ እፈልግ ነበር።

ማታ ደወሉ።

"ፈቀዱልሽ?"

"ፈቀዱልኝ ጋሼ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲህ አሁን ሰዎች ይኖራሉ፣ ሲሚንቶ የሚያቦኩ። ብቻሽን አይደለሽም።"

"አዎ፣ ሁለት ሰዎች ይመጣሉ።"

"እንግዲያው ከሰኞ ጀምሬ አልመጣም።"

እሺ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። አንዲት ቃል። እሳቸው ወደ ዳማቸው፣ እኔ ወደ ሥራዬ። አፌ ግን ቀደመኝ።

"ኧረ ይምጡ እንጂ ጋሼ! ቦታዎ አለ እኮ!"

ስልኩ ውስጥ ወንበራቸው ሲንቋቋ ተሰማኝ።

"እሺ" አሉ። "ካልሽማ እመጣለሁ።"

ዘጋሁት። ሊያ ሶፋው ላይ ሆና "አንቢሊቨብል" ብላ ፊቷን በትራስ ሸፈነች።

እሺ ያሉኝ መምጣት ፈልገው ይሁን እምቢ ማለት ከብዷቸው አላውቅም። እኔስ ይምጡ ያልኩት ከልቤ ነው ወይስ ከአፌ? እሱንም በደንብ አላውቀውም። ብቻ ያን የሊያን ትራስ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ እርጥብ ግንድ ላይ እንዳይቀመጡ።