ስላልተጨበጠው የሚላን እጅ

ለአልባኒያ ውሕደት ጎሕ ፓርቲ የለንደን ቅርንጫፍ ክቡር ሊቀ መንበር፤
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከአልባኒያ እስከ ኮሶቮ፣ ከመቄዶንያ እስከ ሞንቴኔግሮ የተበታተነውን ወገንዎን በአንድ ባንዲራ ሥር ለመሰብሰብ ሌት ተቀን ሲናገሩ ጉሮሮዎን እንዳያምዎት ከልብ እመኛለሁ። ሸዋረጋ እባላለሁ፤ ኬንቲሽ ታውን ባለው የካውንስል፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤት ኪራይ ሕንፃ የሟቹ የአቶ ሻባን የግድግዳ ጎረቤት ነኝ። በአማርኛ የምጽፍልዎ እንግሊዝኛዬ ለሥራ እንጂ ለንዴት ስለማይበቃኝ፣ ደግሞም የእኔ ሰዎች እንዲያነቡት ስለፈለግሁ ነው። አራት ቦታ የተከፈለ ሕዝብ ለማዋሐድ የተነሣ ሰው አንዲት ደብዳቤ የሚተረጉምለት አያጣም።

አቶ ሻባን ከኮሶቮው ጦርነት ሸሽተው እዚህ ከገቡ ጀምሮ የፓርቲዎ አባል ነበሩ። ስብሰባ በሆነ ቁጥር ቀድመው ሄደው ወንበር የሚደረድሩት፣ ሁሉ ከሄደ በኋላ አዳራሹን የሚጠርጉት እሳቸው ነበሩ። በቅርቡ አረፉ። ወይዘሮ ሃቲጄ፣ ባለቤታቸው፣ እንደነገሩኝ በእናንተ ወግ ከሟቹ ቤተሰብ አንድ ወንድ በር ላይ ይቆማል፤ ለቅሶ የሚደርስ ሁሉ የእሱን እጅ ጨብጦ ነው የሚገባው። አቶ ሻባን ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ወይዘሮዋ የሴት ልጃቸውን ባል ሚላንን አቆሙት። ሚላን ደግሞ ሰርብ ነው፤ ከእናንተ ጋር ደም የተቃባው ሕዝብ ልጅ። የእርስዎ ታላቅ አመራርም የታየው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሬሳው ገና ሳይቀበር ለወይዘሮ ሃቲጄ ስልክ ደውለው፣ የፓርቲው ሐዘን ጥልቅ መሆኑን፣ ነገር ግን ሰርቡ ከበሩ ካልተነሣ አንድም አባል እንደማይመጣ በትሕትና ስለገለጹላቸው አመሰግናለሁ። ከፈለገ ጓዳ ገብቶ ሻይ ያፍላ ብለው አማራጭ ማቅረብዎ የሰፊ ልብ ምልክት ነው። ወይዘሮዋ ስልኩን ዘግተው ሚላንን ከቆመበት ንቅንቅ እንዳይል አዘዙት።

፪ኛ. አባሎችዎ ስለ ታዘዙልዎ እንኳን ደስ ያለዎት! አንድም ሰው ድርሽ አላለም። ወይዘሮ ሃቲጄ የሊፍቱ በር በተከፈተ ቁጥር ሻሻቸውን እያስተካከሉ ብድግ ይሉ ነበር፤ የሚወጣው ግን ወይ የላይኛው ፎቅ ተከራይ ነው ወይ ፒዛ አድራሽ። ሚላን ጥቁር ኮቱን ለብሶ ቆሞ ዋለ። ለመቀመጥ እንኳ አፈረ።

፫ኛ. ያ ያልጨበጡት እጅ፣ አቶ ሻባን አልጋ ላይ ወድቀው ሳለ ጢማቸውን የላጨ፣ ገላቸውን ያጠበ፣ መጸዳጃ ቤት ደግፎ የወሰዳቸው እጅ ነው። ካምደን ሰፈር ሥራ ውሎ እየመጣ ነው ይህን ሁሉ ያደርግ የነበረው። በነገራችን ላይ፣ ታመው በተኙበት ጊዜስ ምነው ብቅ አላሉም? ያን ጊዜ እኮ በር ላይ የቆመ ሰርብ አልነበረም።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ተውሁት። አናደዱኝ ክቡርነትዎ፤ በጨዋ ቋንቋ ልሸፍነው ብል አልሸፈን አለኝ። ደግሞ በሽታውን አውቀዋለሁ። እኛም ዘንድ ስለ አንድነት ሲናገሩ አረፋ የሚደፍቁ፣ የሌላው ፓርቲ ሰው ሲሞት ግን ለቅሶ የማይደርሱ ጌቶች አሉን። እርስዎን ገና ሳላይዎ ያወቅሁዎት በእነሱ ነው።

በመጨረሻ ባለቤቴ መኩሪያ የእድራችንን ሰዎች ጠርቶ መጣ። እያንዳንዳቸው የሚላንን እጅ ግጥም አድርገው ጨብጠው ገቡ። ከእድርተኞቹ አንዱ ሕዝቅያስ እንደ አገራችን ወግ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያለቅስ ወይዘሮ ሃቲጄ ክው አሉ፤ ቀጥሎ እሳቸውም፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። በማግስቱም ሬሳውን ከሚላን ጋር የተሸከሙት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ካርታዎ እየሰፋ፣ የሚጨብጡት እጅ እያነሰ ይሄድ ዘንድ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ለከፍተኛ ሥልጣንዎ የሚገባውን ያህል ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሸዋረጋ፣ የአቶ ሻባን ጎረቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፓርቲዎ የቀብሩን ፎቶ ከአንድ ዘመድ ገጽ ወስዶ በራሱ ገጽ ላይ ማውጣቱን አየን። ከኋላ የነበሩት ባለቤቴና እድርተኞቹ በጥንቃቄ ተቆርጠዋል፤ መልካችን ለታሪካችሁ እንደማይመች ይገባኛል። ከፊት የቀረውን ሰው ግን “የብሔሩ እውነተኛ ልጅ ጀግናችንን በትከሻው ሲሸኝ” ብላችሁ ጽፋችሁበታል። ያ ሰው ሚላን ነው። ለቅሶ ቤት መጥታችሁ ቢሆን ኖሮ መልኩን ታውቁት ነበር። እባክዎ ፎቶውን እንዳያጠፉት፤ ወይዘሮ ሃቲጄ ከነጽሑፉ ኮሶቮ ላለው ዘመድ ሁሉ ልከውታል።