በሶ ይዛ የመጣችው ሟች

ጥር 1976 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ይርጋለም፣

ከአሊዩ አምባ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው መንገድ፣ ከእኔ በፊትም ሆነ ከእኔ በኋላ፣ እንደ እኔ በአጭር ጊዜ ፊደል የለየ አህያ ነጂ የለም። ይህንንም ደብዳቤ ማንም ሳይረዳኝ በአንድ ቁጭታ ጻፍኩት። መቼም አንቺን መዋሸት አይሆንልኝም፤ በአንድ ቁጭታ እንኳ አይደለም፣ ጭነት ላራግፍ ተነሥቻለሁ። ማንም አልረዳኝም ያልኩትም፣ ያቺ በርበሬ ሻጯ ጎረቤታችን ዙቤዳ ከትከሻዬ ላይ ሆና «ይኼ ‘ጸ’ ነው ወይስ የተሰበረ ወንበር?» ማለቷን እንደ እርዳታ ካልቆጠርሽው ነው። ፊደል በመለየትም ቀድማኛለች። ግን እሷ አህያ ነጂ አይደለችም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይቆይልኝ።

ባልንጀራዬ ዘይኑልአቢዲን እነዋሪ ገበያ ላይ አግኝቶሽ «ፈረጅ ያነባል ወይስ ያወራል?» ብለሽ እንደጠየቅሽው ነገረኝ። ሁለቱንም። የመሠረተ ትምህርቱን ፈተና አልፌ ምስክር ወረቀቴን ተቀብያለሁ፤ ባለቤቴ ሰሊሃ መስታወቷን ትሰቅልበት በነበረው ምስማር ላይ ሰቅየዋለሁ። ሰው ሲመጣ «ምንድን ነው እሱ?» ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ ከፊቱ እየተመላለስኩ አቧራውን እጠርጋለሁ። አቧራ የለውም።

ላንቺ ያለኝን ምስጋና በአፌ ልነግርሽ በሞከርኩ ቁጥር ቀልድ ሆኖ ይወጣል። ወረቀት ላይ ሳቅሽ ስለማይሰማኝ ምናልባት ዛሬ ቁም ነገሩን እጨርሰው ይሆናል። ክፍል ውስጥ «የኔታ» እያልኩ አንቱ እልሽ ነበር፤ የቄስ ልጅ በአንድ እስላም ሽማግሌ አፍ የኔታ ስትባል ሰው ሁሉ በሳቅ ይንፈራፈር ነበር። ይህ ግን የአባት ደብዳቤ ነውና አንቺ ልበልሽ።

አባት ያልኩት በምን አፌ እንደሆነ ታውቂያለሽ። እናትሽ ወለተ ጊዮርጊስ በወለደችሽ ሰሞን ትኩሳት ጥሏት ጡቷ ደረቀ። ቄስ አባትሽ በጋቢያቸው ጠቅልለው በራችን ላይ ቆሙ። አንቺ አታለቅሽም ነበር፤ የማልቀስ አቅም አልነበረሽም። ሰሊሃ ያን ጊዜ ልጃችንን ጠይባን ታጠባ ነበር። ወዲያው ተቀበለቻቸውና አንዳችሁን በቀኝ አንዳችሁን በግራ ይዛ ተቀመጠች። እኔም «ጭነቱ አሁን ተመጣጠነ» አልኳት፤ አህያ ነጂ ሌላ ምን ይላል? ቄሱ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ቤት ነበረሽ። በኢድ ከሥጋችን ባትበዪም የማሩ ሳህን ያንቺ ነበር።

አድገሽ ተማርሽ። የገበሬ ማኅበራችን አስተማሪ አጣ፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ አጭር የመምህራን ሥልጠና ተከፈተ፣ ረጅሙን ትምህርት ላልጨረሱ ሰዎች። ክፍያውንና ቀለብሽን ማኅበሩ ከጋራ እርሻው ጤፍ ሸጦ ከፈለልሽ። ጤፉን ጭኜ ገበያ ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ አህዮቼ እንኳ ለትምህርት እንደሆነ የገባቸው ይመስል ዳገቱን ያለ ዱላ ወጡት። ሊቀ መንበራችን ወልደአረጋይ ሲሸኝሽ ረጅም ንግግር አደረገ፤ አንቺም ቆመሽ አንቀላፋሽ።

ከዚያ ሰሊሃ ሞተች። አላህ ይዘንላት።

ዘይኑልአቢዲን መርዶውን ይዞ ደብረ ብርሃን ድረስ ወጣ። አንቺም ለሥልጠናው ኃላፊ «እናቴ ሞታለች» ብለሽ፣ በጭነት መኪና እስከ አንኮበር፣ ከዚያም ቁልቁለቱን በእግርሽ ወርደሽ መጣሽ። ጠይባን አቅፈሽ ያለቀስሽው ለቅሶ ዛሬ ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ። ለቀስተኛው ሁሉ ለሰው ሲሯሯጥ ደግሞ አህዮቼን ያስታወሰ አንድ ሰው አልነበረም፤ እኔም ረስቻቸው ነበር። አንቺ ነሽ ፈትተሽ ወደ ወንዝ የወሰድሻቸው።

በዚያው ሰሞን እናትሽ ወለተ ጊዮርጊስ ሰላ ድንጋይ ወንድሟ ዘንድ ሰርግ ሄዳ ስለነበር የሆነውን አልሰማችም። ስትመለስ መንገዷ በደብረ ብርሃን ነውና፣ «ልጄ በዚያ ብርድ ምን ትበላለች» ብላ በሶ ይዛ ሥልጠናው በር ላይ ቆመች። እሷ ራሷ እንደነገረችን ልጻፈው፤

«ማንን ፈልገው ነው?» ይላታል ዘበኛው።

«ልጄን፣ ይርጋለምን።»

«ይርጋለም የለችም። እናቷ ሞታባት አገሯ ሄዳለች።»

«እናቷ እኮ እኔ ነኝ!»

ዘበኛው አማተበ ብላለች። እሷ ግን አፏ ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ነገሩ ገባት። «ወይኔ ሰሊሃ!» ብላ በሶውን ጥላ እዚያው በር ላይ ተቀመጠች። ሰሊሃ የእናትነቷን ግማሽ የተካፈለቻት ሴት ናት፤ መሞቷንም የሰማችው ከማታውቀው ዘበኛ አፍ ነው። ኃላፊው ጩኸቱን ሰምቶ ወጣና «ማን ሞቶ ነው የሚያለቅሱት?» ቢላት፣ «የልጄ እናት!» አለችው። እሱም መዝገቡን አየ። መዝገቡ የይርጋለም እናት ወለተ ጊዮርጊስ ናት ይላል፤ ወለተ ጊዮርጊስም ይቺው በሶዋን በትና እያለቀሰች። ሰውዬው ምን ያድርግ? ስትመለሺ «በሕይወት ያለች እናትሽን ገድለሽ ፈቃድ ወስደሻል» ብሎ አባረረሽ። «የጡት እናቴን ነው» ብትይው «እንዲህ የሚባል ዝምድና መመሪያው ላይ የለም» አለሽ።

አፍረሽ መጣሽ። ቄስ አባትሽን እንኳ ቀና ብለሽ ማየት አቃተሽ። አዲስ አበባ ሄደሽ ሰው ቤት ልትቀጠሪ ልብስሽን ስትቋጥሪ እኔ በሩ ላይ ደረስኩ። ያን ቀን ነው የሰሊሃን ኑዛዜ የነገርኩሽ፤ ስታጣጥር እጄን ይዛ «ይርጋለም ይህን ሰው ፊደል ሳታስቆጥርልኝ የትም እንዳትሄድ» ማለቷን። ቋጠሮውን መልሰሽ መሬት አስቀመጥሽ። ከዚያ ፈታሽው። በሳምንቱ የማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ፋኖስ ተሰቅሎ፣ እኔ የፊተኛው ወንበር ላይ ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ ተቀምጬ ነበር። ‘መ’ን ስትጽፊ «ይቺስ ግራና ቀኝ የተጫነች አህያ ናት» አልኩሽ። «ታዲያ ንዳት» አልሽኝ። መንዳቱ እንጂ ያቃተኝ! ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ‘ሠ’ ሲያልፍ እኔ ያቺን አህያ ገና እያባበልኩ ነበር። አንድም ቀን አልተቆጣሽኝም። እጄን በእጅሽ ይዘሽ ታስጽፊኝ ነበር። በዚያ እጄ ስንት ጭነት እንዳሰርኩበት ታውቂያለሽ፤ እርሳስ ግን ያመልጠው ነበር።

ስሜን መጻፍ በቻልኩ ሰሞን ነው ወልደአረጋይ በፍርድ ሸንጎ የከሰሰሽ። እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አባሉ «ጤፋችን የት ገባ?» እያለ መውጫ ቢያሳጣው ነው። ዋርካው ሥር ሰው ሁሉ ተሰበሰበ።

«ማኅበሩ የከፈለው ለመምህር ነው፤ መምህር ግን አላገኘም» አለ ወልደአረጋይ። «ሥልጠናው ደግሞ ለተባረረ ሰው ክፍያ አይመለስም ብሏል። ስለዚህ በራሷ ጥፋት ነውና እሷ ወይም አባቷ ይክፈሉ።»

ክፍያው የአንድ በሬ ዋጋ ነው። ቄስ አባትሽ ደግሞ ያላቸው አንድ በሬ ነው። አንቺ መሬት መሬት ታያለሽ፤ አባትሽ መስቀላቸውን ጨብጠዋል። እኔ ተነሣሁ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ።»

«ቀልድ ከሆነ ተቀመጥ፣ ፈረጅ።»

«የእርስዎ በሬ የሚጠመደው ከማን በሬ ጋር ነው?»

«ከቄሱ ጋር ነዋ! በመቀናጆ መሆናችንን አገር ያውቃል።»

«እንግዲያ የቄሱ በሬ ሲሸጥ የእርስዎ ከማን ጋር ሊጠመድ ነው? ከአህያዬ ጋር ከሆነ አስቀድሜ እሷን ላማክራት።»

ሰው ሳቀ፤ ወልደአረጋይም ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ዳኛው ግን አልሳቁም። «ቀልዱ ይቅርና» አሉ፣ «ፍርዱ ያለው አንድ ነገር ላይ ነው። ልጅቱ ዋሽታ ከሆነ የተባረረችው፣ ትከፍላለች። እናቷ ሞታለች ወይስ አልሞተችም?»

ልጄ፣ እዚህ ላይ ወሬዬ አለቀብኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ያልከዳኝ አፌ ተሳሰረ። ‘ሞታለች’ ለማለት የሰሊሃን ስም መጥራት ነበረብኝ፤ ከቀብሯ ወዲህ በሰው ፊት ጠርቼው አላውቅም።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ መካከል ወለተ ጊዮርጊስ ተነሣች። ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቃ ነበር።

«ለልጅቱ ምኗ ነዎት?» አሏት ዳኛው።

«እናቷ።»

«እንግዲህ በሕይወት አሉ።»

«አለሁ። እናቷ ግን ሞታለች።»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ወለድኳት እንጂ ላሳድጋት አልቻልኩም» አለች። «እናንተ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ክርስትና ሳትነሣ ትሞትብኛለች ብዬ ሳለቅስ፣ ሰሊሃ አፏ ላይ ጡቷን አደረገችላት። ልጄ ለሰሊሃ ለቅሶ ሳትሄድላት ቀርታ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ጊዜ ነበር ፊት ለፊቴ የማትቆመው። በሬውን ውሰዱት። ዋሽታለች ግን አትበሉብኝ።»

ዳኛው ዙሪያውን አዩና «ይህን የሚያውቅ ይነሣ» አሉ። ከዋርካው ሥር የተቀመጠ ሰው አልቀረም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ተነሣ። ወልደአረጋይም ትንሽ አመነታና ተነሣ፤ እሱም ያውቃል፣ በሕፃንነትሽ እኛ ቤት ደጃፍ አፈር ስትበዪ ያስተፋሽ እሱ ነበር።

«ከሳሹም ምስክር ሆነ!» አለች ዙቤዳ፣ «ታዲያ አሁን ማንን ልንከስ ነው?»

ፍርዱን ታውቂዋለሽ፤ ከአንቺም ከአባትሽም ምንም አይጠየቅም፣ ማኅበሩ ግን ምስክርነቱን ጽፎ ለሥልጠናው ይላክ፤ ወይ ልጅቱን ይመልሷት፣ ወይ ክፍያውን። ስንፈርም ጸሐፊው አውራ ጣቴን ቀለም ሊነክር ሲስብ እጄን ቀማሁት። «እርሳስ አምጣ!» አልኩት። ስሜን ከዳር እስከ ዳር ስለጻፍኩት ለዘይኑልአቢዲን ቦታ አልተረፈም፤ እሱ ከጀርባው ፈረመ። ወረቀቱንም ደብረ ብርሃን ያደረስኩት እኔው ነኝ። ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበውና መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ «የሚቀጥለው ዙር ትምጣ፤ ሌላ ክፍያ የለባትም» አለ። ወጥቼ ዘበኛውን ሳምኩት። አልወደደውም።

እነሆ ዛሬ እነዋሪ ላይ የመንግሥት መምህርት ነሽ። እኔም ደብረ ሲና የሚሄደውንና የማይሄደውን መኪና ከግንባሩ ላይ አንብቤ እለያለሁ፤ ድሮ ለመጠየቅ እያፈርኩ፣ የሰው ግፊያ ወደበዛበት እገባ ነበር። የጆንያ ላይ ጽሑፍ አነባለሁ፤ የመድኃኒት ጠርሙስም፤ የወልደአረጋይንም ማስታወቂያ አንብቤ ሰው ፊት አርመዋለሁ። ይህን ሁሉ የሰጠሽኝ የራስሽን ምስክር ወረቀት በእኛ ለቅሶ ምክንያት ባጣሽበት ሰዓት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የእኛን ቤት ደጅ አይረግጥም ነበር። አንቺ ግን በዚያው እጅሽ የእኔን እጅ ያዝሽ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ቄስ አባትሽም በራሳቸው ቋንቋ ይመርቁሽ፤ ሁለታችን ተጋግዘን አንዱ ይደርሳል።

ኢንሻአላህ ለፋሲካ ስትመጪ አንኮበር ድረስ ወጥቼ እቀበልሻለሁ፤ ዕቃሽን አህዮቼ ይይዙታል። ወልደአረጋይ በደብዳቤ መጨረሻ መፈክር ይጻፋል ብሎኝ ነበር፤ ወረቀቱ እያለቀ ስለሆነ አንቺው በልቤ እንዳለ ቁጠሪልኝ። የተረፈችኝን ቦታ ለአንድ ነገር እፈልጋታለሁ።

ሰሊሃ እንደዚያ አላለችም። ፊደል የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። እንዳትሄጂብን ብዬ እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ ያን ቋጠሮ የሚያስፈታ ሌላ ነገር አላገኘሁም። እጄን ይዛ ያለችው ‘አህዮቹ ውሃ ጠጥተዋል?’ ነው። ‘ጠጥተዋል’ አልኳት። አልጠጡም ነበር። በኋላ አንቺ መጥተሽ፣ ማንም ሳያዝሽ፣ ወደ ወንዝ ይዘሻቸው ወረድሽ።

የጡት አባትሽ፣
ፈረጅ (በራሴ እጅ)